የጌም ቤትዎን ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ 7 ወደ ሊኑክስ ከማዞርዎ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ባሕር ዳር አባይ ማዶ ትንሽ ጌም ቤት አለኝ። አምስት ኮምፒውተሮች አሉኝ፤ ሁሉም ዊንዶውስ 7 ናቸው። ሦስቱ ግራፊክስ ካርድ የሌላቸው፣ ኬዛቸው ጠባብ የሆነ ዴሎች ናቸው፤ ኮር አይ ፋይቭ 4ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም። አራተኛውም 4ኛ ጀነሬሽን ነው፤ እሱ ግን ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ካርድ አለው። አምስተኛው 6ኛ ጀነሬሽን ሲሆን ቀን ቀን የተማሪ ጽሑፍ እጽፍበታለሁ፣ አትምበታለሁ፤ ማታ ጌም ይጫወቱበታል። ጌሞቹን የማወርድበትና የምከፍትበት ስቲም አልከፍት ብሏል። ፍላሽ በገባ ቁጥር ቫይረስ ነው። ልጆቹ የሚጫወቱት ፔስ፣ ጂቲኤና ካውንተር ስትራይክ ነው፤ አሁን ደግሞ ቫሎራንት ካልጫንሽ እያሉኝ ነው። አዲስ ለመግዛት አቅሙ የለኝም። ወንድሜ ሊኑክስ የሚባለውን በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነፃ ሲስተም ጫኚባቸው ይለኛል። ልጫንባቸው?»

እህቴ፣ ይጫኑባቸው። ነገር ግን አምስቱንም ባንድ ቀን አይሁን፤ ለአምስቱም መልሱ አንድ አይደለምና። ሊኑክስ ላይ ጌም ስለመጫወት ሲነሳ ሰው የሚከራከረው የትኛው ሊኑክስ ይሻላል በሚለው ላይ ነው። እኔ እንደማየው ጉዳዩን የሚወስኑት ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ጌሙ ምን ዓይነት የማጭበርበር መከላከያ እንደያዘና የኮምፒውተሩ ግራፊክስ ቩልካን የሚባለውን፣ ጌም ሥዕሉን የሚያሠራበትን ሥርዓት ምን ያህል እንደሚችል። እነዚህን ሁለቱን ዊንዶውሱን ከማጥፋትዎ በፊት ማወቅ ይቻላል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

ከመጥፎው ልጀምር። ቫሎራንት ሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ በማንም ብልሃት አይሠራም። ቫንጋርድ የሚባለው መከላከያው ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ አብሮ ተነስቶ ከርነል በሚባለው የዊንዶውስ ውስጠኛ ክፍል የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው፤ ሊኑክስ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚሁ መከላከያ ሥር ገብቷል። ፎርትናይት፣ የኮምፒውተሩ ፐብጂ፣ አዳዲሶቹ ኮል ኦፍ ዱቲዎች፣ እንዲሁም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወጡት ኢኤ የሚባለው ኩባንያ የእግር ኳስ ጌሞች በየራሳቸው መከላከያ ምክንያት ሊኑክስ ላይ አይሠሩም። ኤፔክስ ሌጀንድስ ሊኑክስ ላይ ይሠራ ነበር፤ በ2024 መገባደጃ ባለቤቶቹ ዘጉት። ጂቲኤ 5 ታሪኩን ለብቻ ለሚጫወት ይሠራል፤ ኦንላይኑ ግን ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተዘግቷል። የገቢዎ ምንጭ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ሊኑክስ አይጠቅምዎትም፤ ይህን እውነት ሳይነግርዎት «ሁሉም ይሠራል» የሚልዎትን ሰው አይመኑ።

«እንግዲያው ዊንዶውስ 10 ላስጭን» ይሉ ይሆናል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና ከኢንቴል ቢያንስ 8ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ ከአምስቱ አንዳቸውም አያሟሉም። በጉልበት የሚጭኑት አሉ፤ አፕዴቱ በፈለገው ቀን እምቢ በሚልበት ማሽን ላይ ሥራ መጀመርን ግን አልመክርም።

ባሉበት መቆየትስ? የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጥር 14 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ነው የቆመው። ስቲም ደግሞ ከጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዊንዶውስ 7ን እና 8ን ተወ፤ ስቲም በውስጡ የሚጠቀምበት የክሮም ብሮውዘር በእነዚህ ዊንዶውሶች ላይ መሥራቱን ስላቆመ ነው። ስለዚህ ስቲም አልከፍት ያለዎት ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ ቢያስጠግኑትም አይመለስም። የሚያሳስበኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም። እርስዎ ኮምፒውተሮቹን በስዊች አገናኝተው ፋይል የሚያጋሩ ይመስለኛል፣ ጌም ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከማሽን ወደ ማሽን ይዘል የነበረው በዚሁ በዊንዶውስ ፋይል ማጋሪያ በኩል ነበር፤ ከተጠቁት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የነበሩ ናቸው። አንድ ልጅ የሚያስገባት ፍላሽ አንዱን ማሽን ከያዘች አምስቱን ለመያዝ ማንንም አታስፈቅድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዋይን በሚባል ፕሮግራም በኩል ነው፤ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሠራ የመጣ ነው። ዋይን ጌሙ ለዊንዶውስ የሚያቀርበውን ጥያቄ ተቀብሎ በሊኑክስ መንገድ ይመልስለታል። የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. ዋይንን ከሌሎች ሥራዎች ጋር አጣምሮ ፕሮቶን የሚባለውን አወጣ፤ ስቲም ውስጥ ተጭኖ ይመጣል፣ እርስዎ ምንም አይነካኩም። በ2022 ቫልቭ ስቲም ዴክ የሚባለውን በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን ሊኑክስ ጭኖ ካወጣ ወዲህ ብዙ ጌም ሠሪዎች ጌማቸው በፕሮቶን መሥራቱን ራሳቸው ማየት ጀምረዋል። የዛሬ አሥር ዓመት ቢጠይቁኝ ኖሮ «ይተዉት» እል ነበር፤ ሐሳቤን ያስለወጠኝ ይህ ነው።

ፕሮቶን ውስጥ ዲኤክስቪኬ የሚባል ክፍል አለ። የዊንዶውስ ጌም ሥዕሉን የሚያዘው በዳይሬክትኤክስ ነው፤ ዲኤክስቪኬ ያንን ትእዛዝ ወደ ቩልካን ይለውጠዋል። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ጥሩ ካርድ ላይ ከዊንዶውሱ የማይለይበት ጊዜ ብዙ ነው። ከ2022 መገባደጃ ጀምሮ ግን ዲኤክስቪኬ ቩልካን 1.3 ይጠይቃል። የእርስዎ ማሽኖች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

የ1050 ቲአዩ ማሽን ምንም አይቸግረውም። ፕሮሰሰሩ 4ኛ ጀነሬሽን መሆኑ አያሳስብዎ፤ ቩልካንን የሚያስኬደው ካርዱ ነው። ጂቲኤ 5ን ሌጋሲ የሚባለውን የቀድሞውን ቅጂ፣ ካውንተር ስትራይክ 2ን፣ ዶታ 2ን በዚህ ያስኬዳሉ። አንድ ማስታወሻ፦ ኢንቪዲያ ለዚህ የካርድ ትውልድ የሚሰጠው የመጨረሻው የሊኑክስ ድራይቨር ተከታታይ 580 ነው። ሊኑክስ ሚንት በሚባለው፣ ወደ ኋላ በምመክርዎ የሊኑክስ ዓይነት ላይ ድራይቨር ማኔጀር ውስጥ ሲገቡ ይህን ይምረጡ፤ ከዚያ በላይ ቁጥር ያለው ቢያዩ ለእርስዎ ካርድ አይደለም። ድራይቨሩን ሳይጭኑ ጌም ከፍተው «ሊኑክስ ዘገምተኛ ነው» እንዳይሉ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህች ላይ ነው።

6ኛው ጀነሬሽን አብሮት ያለው የኢንቴል ግራፊክስ ቩልካን 1.3ን ይችላል። አቅሙ ትንሽ ነው፤ የምስሉን ጥራት ወደ 720 ዝቅ አድርገው ቀለል ያሉ ጌሞችን ያጫውታል። ዲኤክስቪኬ ግን ይነሳለታል።

ሦስቱ ዴሎች ናቸው ችግሩ። የ4ኛው ጀነሬሽን ግራፊክስ በ2013 የወጣ ነው፤ ቩልካን የወጣው በ2016 ነው። ሊኑክስ ላይ ቩልካን ሲጠይቁት ድራይቨሩ ራሱ «የሃስዌል የቩልካን ድጋፍ ያልተሟላ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ሃስዌል ማለት ያው 4ኛው ጀነሬሽን ነው። ስለዚህ ዲኤክስቪኬ አይነሳም፤ ጌሙን ይጫኑታል፣ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ምንም የስሕተት መልእክት የለም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር፣ በእነዚህ ሦስት ማሽኖች ላይ ዳይሬክትኤክስ 11 ለሚፈልግ ጌም ዊንዶውስ 7 ከሊኑክስ የተሻለ የሚሠራበት ጊዜ አለ።

ይህ ማለት ግን ሦስቱ አይረቡም ማለት አይደለም። ቩልካንን የማይፈልግ ሌላ መንገድ አለ፤ ዋይን የቆዩ ጌሞችን ከቩልካን በፊት በነበረው ኦፕንጂኤል በሚባል የሥዕል ሥርዓት በኩል ማስኬድ ይችላል፣ ኦፕንጂኤል ደግሞ በዚህ ግራፊክስ ላይ ደህና ነው። ሉትሪስ የሚባለውን ፕሮግራም ጭነው ጌሙን እዚያ ያስገቡ፤ የጌሙ ማስተካከያ ውስጥ ገብተው ዲኤክስቪኬ የሚለውን ያጥፉት። እንደ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስና ፔስ 2013 ያሉ በዳይሬክትኤክስ 9 ዘመን የወጡ ጌሞች የሚሄዱት በዚህ ነው። ካውንተር ስትራይክ 1.6 ደግሞ ዋይንም አያስፈልገው፤ ቫልቭ በ2013 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ራሱን ችሎ እንዲሠራ አድርጎታል፣ በኦፕንጂኤል ነው የሚሄደው፣ በስዊች ተገናኝቶም ያለ ኢንተርኔት ይጫወቱታል። ልጆቹ ካውንተር ሲሉ 1.6ን ከሆነ ሦስቱ ዴሎች ከዛሬ ጀምሮ ዝግጁ ናቸው።

አንድ ሳንቲም ሳያወጡ ሊሞክሩት የሚገባ ነገር አለ። ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ግራፊክሱ የሚበላው ከራሙ ነው። የአንዱን ዴል ክዳን ከፍተው 8 ጊጋው በአንድ ራም ነው ወይስ ባለ 4 ጊጋ ሁለት ሆኖ ነው የተቀመጠው የሚለውን ይዩ። አንድ ብቻ ከሆነ ሰፈር ካለ ጠጋኝ ጋር በሁለት ባለ 4 ጊጋ ያስለውጡት። ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲሠሩ መረጃው የሚያልፍበት መንገድ እጥፍ ይሆናል፣ በጌም ላይ በዓይን የሚታይ ልዩነት ያመጣል። ክዳኑን ከከፈቱ አይቀር አቧራውን ያስነፉ፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባትም ያስቀይሩ። በሚያዝያና በግንቦት የባሕር ዳር ሙቀት ላይ አምስት ማሽን በአንዲት ክፍል ሲሠራ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያኔ ልጆቹ «ላግ አደረገ» ብለው ኢንተርኔቱን ይከሳሉ።

ትንሽ ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ አዲስ ኮምፒውተር ሳይሆን ለሦስቱ ያገለገለ ካርድ ይፈልጉ። ኬዙ ጠባብ ስለሆነ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን አጭር ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ፓዎር ሰፕላዩም ትንሽ ስለሆነ ከራሱ ከማዘርቦርዱ ብቻ ኃይል የሚወስድ መሆን አለበት። ከኤኤምዲ አርኤክስ 550 ለዚህ ይስማማል፤ ድራይቨሩ ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ካርዱን ሰክተው ማብራት ነው። ጂቲ 1030 ቢያቀርቡልዎ ማሸጊያው ላይ ወይም ካርዱ ላይ ዲዲአር 4 የሚል ካለበት አይግዙ፤ ስሙ አንድ ሆኖ ከጂዲዲአር 5ቱ በጣም ይዘገያል፣ ሻጮችም ይህን ለይተው አይነግሩም።

ስለ ፔስ አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲቸገር አይቻለሁ። ልጆቹ የሚወዱት ፔስ አዲስ ዝውውርና ማልያ የገባበት፣ ፓች የተደረገ ነው። ፓቹ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በጌሙ ፎልደር ውስጥ አንድ የዲኤልኤል ፋይል አስቀምጦ ነው፤ ጌሙ ሲከፈት የዊንዶውሱን ትቶ ያንን ያነባል። ዋይን ግን ያንን ፋይል አልፎ የራሱን ነው የሚጠቀመው። ውጤቱ ጌሙ በሚገባ ይከፈታል፣ ነገር ግን ተጫዋቾቹ የድሮዎቹ ናቸው፣ ፓቹ እንዳልነበረ ይሆናል። ሰው ታዲያ ፓቹ ተበላሽቷል ብሎ እንደገና ይገለብጣል። መፍትሔው የጌሙን የዋይን ማስተካከያ ከፍቶ፣ ላይብረሪስ በሚለው ገጽ የዚያን ዲኤልኤል ስም አስገብቶ፣ መጀመሪያ ኔቲቭ ቀጥሎ ቢልትኢን እንዲሆን መምረጥ ነው። የሳን አንድሪያስ ሞዶችም በዚሁ መንገድ ይመለሳሉ። መግቢያው ላይ ያለው ቪዲዮ ባይታይ ወይም በእሱ ፈንታ ባለ ቀለም ቋሚ መስመሮች ቢመጡ ደግሞ አይደንግጡ፤ ቪዲዮውን የሚያነበው ኮዴክ የሚባል ክፍል ስለሌለ ነው፣ ይለፉት፣ ጌሙን አይነካም።

የትኛው ሊኑክስ ለሚለው ብዙ አልልም፤ ሊኑክስ ሚንት፣ ለሦስቱ ዴሎች ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ገጽታ፣ ለሌሎቹ ሲናሞን። የ22ቱ ተከታታይ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይደገፋል። ለጌም ተብለው የሚሠሩ እንደ ባዛይት ያሉ አሉ፣ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን አፕዴታቸው ትልልቅ ነው፣ በእኛ የዳታ ዋጋ አያዋጡም። ኡቡንቱን ከመረጡ ስቲምን ስናፕ በሚባለው የኡቡንቱ መጫኛ መንገድ ሳይሆን ዴብ በሚባለው ፓኬጅ ይጫኑ፤ ቫልቭ ራሱ ስናፑን አይመክርም። ሚንት ላይ ይህ ጣጣ የለም።

ሳይጭኑ መሞከር ስለሚቻል ይሞክሩ። ሚንትን አንድ ጊዜ አውርደው ቬንቶይ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ያድርጉት፤ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ሲያስነሱት ሃርድ ዲስኩ ሳይነካ ሊኑክሱ ይከፈታል። እዚያው ሆነው ቩልካን ቱልስ የሚባለውን ፓኬጅ ከሶፍትዌር ማኔጀሩ ጭነው ካርዱ ምን እንደሚችል ያስጠይቁት። ኤፒአይ ቨርዥን ከሚለው ጎን 1.3 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ፣ ስሙም የግራፊክስዎ ስም ከሆነ፣ ያ ማሽን ለፕሮቶን ዝግጁ ነው። ከስሙ ላይ ኤልኤልቪኤምፓይፕ የሚል ብቻ ካዩ ሥዕሉን እየሠራ ያለው ፕሮሰሰሩ ነው፣ ካርዱ አልተነሳም ማለት ነው። ባለ 1050ው ማሽን ላይ ግን ይህ ፍተሻ የሚሆነው የኢንቪዲያ ድራይቨር ከተጫነ በኋላ ነው፤ ከፍላሹ ላይ ሲያዩት ተስፋ እንዳይቆርጡ። በመጀመሪያ የሚቀይሩትም ይህንን ማሽን ይሁን። ጥቂት ሳምንት ልጆቹ ይጫወቱበት፣ የሚያጉረመርሙበትን ይስሙ፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ይሂዱ።

ሲጭኑ ጌሞቹን የያዘውን ሁለተኛ ፓርቲሽን እንዳለ ትተው እዚያው ላይ ሊያስኬዷቸው ይፈልጋሉ፣ አውቃለሁ። አያድርጉት። የዊንዶውስ ፎርማት የሆነው ኤንቲኤፍኤስ ላይ ፕሮቶን የሚፈጥራቸው ፎልደሮች በትክክል አይቀመጡም፤ ጌሙ ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ ይላል። ጌሞቹን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጠው ፓርቲሽኑን የሊኑክስ በሆነው ኢኤክስቲ 4 ፎርማት ያድርጉትና ይመልሷቸው። ሁሉም ካለቀ በኋላ ሚንት ውስጥ ባለው ታይምሺፍት የሲስተሙን ቅጂ ያስቀምጡ። መብራት በድንገት ሲጠፋ ኢኤክስቲ 4 ፋይል ሥርዓቱን ራሱ የሚያስተካክል መዝገብ ይይዛል፤ አፕዴት መሀል ላይ ከጠፋ ግን ሲስተሙ ሊበላሽ ይችላል፣ ያኔ ታይምሺፍት በደቂቃዎች ወደነበረበት ይመልስልዎታል። ዩፒኤስ አንድ እንኳ ቢኖር ዳታውን የሚያወርደው ማሽን ላይ ይሁን።

ዳታ ካልኩ አይቀር። ካውንተር ስትራይክ 2 ብቻውን 85 ጊጋ ያህል ቦታ ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ጌም በየማሽኑ ማውረድ የሚያከስር ነው፤ አያስፈልግምም። ስቲም ከ2023 ጀምሮ አንድ ማሽን ላይ ያለን ጌም በውስጥ ኔትወርክ ወደ ሌላው ማስተላለፍ ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ዳውንሎድስ የሚለው ጋ ገብተው በውስጥ ኔትወርክ ፋይል ማስተላለፍን ይክፈቱና ለማን እንደሚፈቅድ ይምረጡ። ከዚያ ሁለተኛው ማሽን ጌሙን ሲጠይቅ ከኢንተርኔት ሳይሆን ከመጀመሪያው ማሽን ይወስዳል፤ በስዊቹ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ሁለቱም ማሽኖች ስቲም ላይ ገብተው ኦንላይን መሆን አለባቸው፣ የሚበላው ዳታ ግን ጥቂት ነው። እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ሼደር ፕሪካሺንግ የሚለውን ያገኛሉ፤ ስቲም ሊኑክስ ላይ ለየጌሙ አስቀድሞ የተዘጋጀ የሥዕል ፋይል በየጊዜው ያወርዳል። ቢያጠፉት ጌሙ መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ይንተፋተፋል፣ ዳታዎ ግን ይተርፋል። እኔ ባሕር ዳር ላይ ብሆን አጠፋዋለሁ።

ሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ የቆየበትን ወቅት ሁላችንም እናስታውሰዋለን፤ ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር ሁልጊዜ ይኑርዎት። ሱፐርታክስካርት የሚባለው የመኪና ውድድር ነፃ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ልጆቹ በስዊች በተገናኙት ኮምፒውተሮች ይወዳደሩበታል። ዜሮ ኤዲ የሚባለው የጦርነት ስልት ጌም ደግሞ ነፃ ሆኖ ከሮማና ከፋርስ ጋር የኩሽን መንግሥት ይዟል፤ የአባይን ሸለቆ ጥንታዊ ተዋጊዎች ይዞ ሮማን መግጠም ለኛ ልጆች የተለየ ስሜት አለው። አንድ ጊዜ ካሳዩዋቸው በኋላ ራሳቸው ይጠይቁዎታል።

ጆይስቲኮቹ፣ ሁለት ሆነው በአንድ ዩኤስቢ የሚሰኩት ርካሾቹም ጭምር፣ ያለ ድራይቨር ይነሳሉ። ጌሙ ካላወቃቸው ስቲም ኢንፑት በሚለው በኩል የኤክስቦክስ ጆይስቲክ አስመስሎ ያቀርባቸዋል። የሰዓት መቁጠሪያ ሶፍትዌርዎ ግን የዊንዶውስ ስለሆነ አብሮዎት አይመጣም፤ በእሱ ቦታ ታይምኬፕር ኔክስት የሚባል አለ፣ ለአንድ አካውንት ደቂቃ ሰጥተውት ሲያልቅ ያስወጣል። ሂሳብ አይደምርም፤ ሂሳቡ በደብተር ይሆናል። ለልጆቹ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ የሌለው አካውንት ይክፈቱ፤ ሲስተሙን መነካካት አይችሉም። ስቲም ላይ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ አካውንት ይግባ፤ ዶታ 2፣ ካውንተር ስትራይክ 2 እና ቲም ፎርትረስ 2 በነፃ ስለሚጫወቱ ማንም አይከፍልም። መደበኛው የስቲም አካውንት ለግል መጠቀሚያ ነው የተፈቀደው፤ በሰዓት ለሚያስከፍሉ ቤቶች ስቲም የተለየ የፒሲ ካፌ ፕሮግራም አለው፣ ስለዚያ ያንብቡ።

ከጓደኛ በፍላሽ የሚገለበጡትን ክራክ ጌሞች ማንሳት አለብኝ፣ ጌም ቤቶች ሁሉ ስላላቸው። «ሊኑክስ ቫይረስ አይዘውም» ይባላል፤ በዚህ ተማምነው ያገኙትን ሁሉ በዋይን አይክፈቱ። ዋይን አጥር አይደለም። የዊንዶውስ ቫይረስ በዋይን ውስጥ ከተነሳ ሙሉ ሲስተሙን ባይዝም የዚያን አካውንት ፋይሎች በሙሉ ያያል፣ ሊቆልፋቸውም ይችላል። እኔ የምመክረው ነፃዎቹን ማስቀደም ነው፤ ኤፒክ የሚባለው ሱቅም በየሳምንቱ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ጌም በነፃ ይሰጣል፣ ሊኑክስ ላይ ሄሮይክ በሚባለው ፕሮግራም ይከፈታል።

የጽሑፉ ኮምፒውተር የመጨረሻው ይሁን። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ በወርድ ተጽፎ ሊብሬኦፊስ በሚባለው የሊኑክሱ የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ ሲከፈት ሠንጠረዡና የገጽ ቁጥሩ ይንሸራተታል፤ ነገ አስረክባለሁ ብሎ ለመጣ ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፓወር ግዕዝም የዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ ኪይማን የሚባለው የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ጥሩ ይጻፍበታል፤ ዩኒኮድ ባልሆኑ በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች ግን ፎንቱ ካልተገለበጠ አይነበቡም። ስለዚህ እዚህ ማሽን ላይ ዊንዶውሱን ሳያጠፉ ሊኑክሱን ጎኑ ያስቀምጡ፤ ሲነሳ የትኛው ይከፈት ብሎ ይጠይቅዎታል። ዊንዶውሱ ለጽሑፍና ለሕትመት ብቻ ይሁን፣ እሱ በተከፈተ ጊዜም የኔትወርክ ገመዱ ተነቅሎ ይቆይ።

ተማሪ ፍላሽ ይዞ ሲመጣ ታዲያ መጀመሪያ ከሊኑክሶቹ አንዱ ላይ ይሰኩት። ያ ፎልደሩን ደብቆ በቦታው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ ሊኑክስ ላይ ምንም ማድረግ አይችልም፤ ሊኑክስ የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ስለማያከብር የጠፉት ፎልደሮች ከሾርትከቶቹ ጎን ተደርድረው ይታያሉ። ሾርትከቶቹንና ያላወቋቸውን የስክሪፕት ፋይሎች ያጥፉ፣ የተማሪውን ሰነድ ብቻ በንጹሕ ፍላሽ ገልብጠው ወደ ጽሑፉ ማሽን ይውሰዱ። ፕሪንተሩ ኤችፒ ከሆነ ሊኑክስ ላይም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ያትማል፤ የቆየ ካኖን ሌዘር ከሆነ ግን ድራይቨሩ አስቸጋሪ ነው፣ ሚንት ካለበት ፍላሽ አስነስተው አንድ ገጽ አትመው ሳያዩ ሕትመቱን ከዊንዶውስ አያውጡት። የፕሪንተሩን ሞዴልና የራሞቹን ነገር አይተው ቢጽፉልኝ ከዚያ በኋላ ያለውን በዝርዝር እነግርዎታለሁ።